የሸኚ በር

ጓደኞቼ «ጡረተኛው» ይሉኛል። ሠላሳን ገና አለፍ ያልኩ ሰው ነኝ፤ ጠጉሬ አልሸበተም፣ ወገቤም አልጎበጠም። ስሙን ያወጡልኝ ፒያሳ ሻይ ቤት በተቀመጥን ቁጥር «እኔ ሥራ ላይ በነበርኩ ጊዜ» እያልኩ ወሬ ስለምጀምር ነው። «አሁንስ ምን ላይ ነህ?» ይሉኝና ይስቃሉ። አሁን እዚያው ደሴ ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ አርማለሁ፤ የሠርግ ጥሪ፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ፈተና። ሥራ ነው። የሥራ ዘመን ሲባል ግን ትዝ የሚለኝ እሱ አይደለም። ትዝ የሚለኝ ኮምቦልቻ ላይ የሠራነው የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ ከመናኸሪያውም በስተጀርባ የነበረች አንዲት ጠባብ በር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥቡ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃኝም። በዚያ ዘመን ሥራ ፈትቶ ደሴ ላይ የሚንጎራደድ ወጣት ዓይን ውስጥ ይገባል። ቀበሌው ይጠራዋል፣ የውትድርና ምልመላው ይፈልገዋል። እናቴ «ድንጋይ ተሸከም ቢሉህም ግባ» አለችኝ፤ ገባሁ። የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤት የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ የመጠለያና የመናኸሪያ ግንባታ የሚያካሂድ ነበር። ሥራዬ ባለቀለሙን የልኬት ዘንግ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጉሙ ሲመጣ ቀያሹ እኔን ማየት ያቅተውና «አለህ ወይ?» እያለ ይጮሃል። «አለሁ!» እላለሁ። ዘንጉን ይዤ በጉም ውስጥ በቆምኩበት ስንኝ እቆጥር ነበር። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ንድፍ ማንበብም ያስተማረኝ አልነበረም፤ ቀያሹ የጣላቸውን የተቀደዱ ወረቀቶች ቤት ወስጄ ከመሬቱ ጋር እያመሳሰልኩ ተማርኩ። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ስለሆንኩ የማላውቀውን ሥራ ሁሉ እጠይቃለሁ። ሰዎች ሲለቁ፣ ሲዘምቱ፣ ሲዛወሩ ክፍት ቦታው ላይ እኔ እገኛለሁ። ዘንግ ከመያዝ ወደ ፎርማንነት፣ ከፎርማንነት ወደ ሳይት ኃላፊነት የወጣሁት እንዲህ ነው። ደመወዙ ማዕረጉን ተከትሎ አልወጣም፤ ስለ እሱ ይኸው ይበቃል።

ያሳደጉኝ ሰው ጋሽ መርዕድ ናቸው። በአካባቢያችን የነበሩት ግንባታዎች ሁሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። ሲጋራ ከተዉ ወዲህ ቅርንፉድ ያኝካሉ፤ ከኋላህ መምጣታቸውን የሚያስታውቅህ ሽታው ነው። ሠራተኛ ፊት ሰው አይቆጡም። ጥፋት ያዩብህ እንደሆነ «ና እስቲ እንዙር» ይሉሃል፤ ሳይቱን ይዘውህ ይዞራሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ። ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ ጥፋትህን ራስህ ታየዋለህ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ሻንጣቸው ነበር። ቡናማ የቆዳ ሻንጣ አላቸው፤ ውስጡ ድንጋይ ነው። አዲስ ሳይት በሄድን ቁጥር ላንድሮቨሩን ራቅ አድርገው ያስቆሙና ሻንጣውን አንጠልጥለው እንደ መንገደኛ ወደ ቦታው ይሄዳሉ። አውቶቡሱ ሊቆምበት ወደታሰበው ቦታ ይደርሳሉ፣ ያስቀምጡታል፣ ያነሡታል፣ ይመለሳሉ። የመጀመሪያ ቀን እኔን አሸከሙኝ።

«ጋሽ መርዕድ፣ ድንጋዩን አውጥተን ብንዞርስ?» አልኳቸው።

«ተሳፋሪው ጤፉን አውጥቶ ይዞራል?»

«አይ፣ እሱማ…»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ተሸከም። እጅህ ሲዝል የቆምክበትን ቦታ ምልክት አድርግ። አግዳሚ ወንበሩ እዚያ ነው የሚሠራው።»

እንደዚያ ነበር የሚሠሩት። ደሴ ውስጥ ሆጤ ላይ የተከልነው የመጀመሪያው መጠለያ ንድፍ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ ለሞቃቱም ለብርዳሙም አገር አንድ ዓይነት። ጀርባው ለምሥራቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ተሳፋሪው መጠለያውን ባዶውን ትቶ ማዶ ካለው ግንብ ሥር ተደርድሮ ይቆማል። ጋሽ መርዕድ ተሻግረው አብረዋቸው ቆሙና አንድ ሽማግሌ ጠየቁ።

«አባባ፣ ይኸን መጠለያ ለእናንተ ብለን ነበር የሠራነው። ምነው አልቆም አላችሁ?»

«እሱ ለዝናብ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ዛሬ ዝናብ አለ?» አሉ ሽማግሌው ጋቢያቸውን እየሳቡ። «ፀሐይቱ እዚህ ናት። እዚያ ማዶ ሄጄ ከማን ጋር ልንቀጥቀጥ?»

ከዚያ በኋላ ደሴ ላይ የሠራናቸውን ሁሉ ፊታቸውን ለጠዋት ፀሐይ አዞርናቸው። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ በተቃራኒው፤ እዚያ ሰው የሚሸሸው ሙቀቱን ነው። ይህን ያደረግነው የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኃላፊ ሳያውቁ ነው። እሳቸውን «መቶ በመቶ» እንላቸው ነበር። ሪፖርቱ ሁሉ መቶ በመቶ ካልሆነ አይቀበሉም። «ግንቡ ግማሽ ደርሷል» ስትላቸው «ግማሹ መቶ በመቶ አልቋል ብለህ ጻፍ» ይላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚፈሩት ከእሳቸው በላይ ያለውን ነበር።

ቀጥሎ ኮምቦልቻ መጣ። ትልቁ ሥራችን እሱ ነበር፤ የቲኬት ክፍል፣ የተሳፋሪ ማረፊያ፣ አውቶቡሶቹ የሚቆሙበት ግቢ፣ ዙሪያውን የድንጋይ አጥር። የአውቶቡሶቹን መዞሪያ በወረቀት ብቻ አላመንም፤ መሬቱ ላይ በኖራ አሠመርንና አንድ ነባር ሹፌር ለምነን አሮጌ አውቶቡስ አስዞርነው። ኖራውን በረገጠ ቁጥር መስመሩን ወደ ውጭ እንገፋለን። ሹፌሩ ከመስኮቱ ብቅ እያለ «ይኸ የናንተ ክብ ድንች ነው እንዴ?» ይለን ነበር። ከቦርከና ወንዝ የሚመጣው አሸዋ ጭቃ ነበረበት፤ ሳናጥብ አናስገባም። ኮንክሪቱን ካፈሰስን በኋላ እርጥብ ጆንያ አልብሰን ውሃ እናጠጣዋለን፤ በዚያ ሙቀት ቶሎ የደረቀ ኮንክሪት ተመልሶ ይሰነጠቃል።

ከግንበኞቹ አንዱ ሰይድ ነበር፤ የኩታበር ሰው ነው። ሚስቱ ዘይነባና ማሳው እዚያ ናቸው፤ ዝናብ ሲጠፋ ወደኛ ወርዶ ድንጋይ ይጠርባል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ እርሻው ይመለሳል። በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል። በመዶሻው ምት መንዙማ እያንጎራጎረ ሲጠርብ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ምቱ የሚወድቅበትን ቦታ እየሰማሁ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ግጥም እጽፋለሁ።

«እስቲ አንብብልኝ ኢንጅነሩ» ይለኛል። ኢንጅነር እንዳልሆንኩ ያውቃል፤ ለዚያ ነው የሚለኝ።

አነብለታለሁ። ፊቱን ያጨማድዳል።

«ወላሂ ደህና ነው። ግን ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል። ትንሽ ውሃ ጨምርበት።»

ስለ በሯ ልናገር። ወሎ ውስጥ መንገደኛ ብቻውን አይሄድም። አንዱ ሊሳፈር ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይሸኘዋል። ሸኚው በሩ ላይ አይቀርም፤ ዕቃውን ተሸክሞ አውቶቡስ ውስጥ ይገባል፣ መንገደኛው አጠገብ ይቀመጣል፣ ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ሞተሩ ሲነሣ ነው ተጋፍቶ የሚወርደው። ጋሽ መርዕድ ሻንጣቸውን ይዘው በኖራው ግቢ ሲዞሩ ሰነበቱና ከማረፊያው በስተጀርባ፣ በአጥሩ ላይ፣ ንድፉ ላይ የሌለች ጠባብ በር አስገቡ። ወደ ሰፈሩ ታወጣለች። ሠራተኛው «የሸኚ በር» አላት።

ግንባታው ሳያልቅ ጋሽ መርዕድ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ። ምክንያቱን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሊሄዱ ሲሉ «ና እስቲ እንዙር» አሉኝ። ያጠፋሁት ነገር ያለ መሰለኝ። ዞርን። በሯ ጋ ስንደርስ በእጃቸው ነካ አደረጓት።

«ይህችን እንዳትነካብኝ።»

«እሺ ጋሽ መርዕድ።»

ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም የሚገባኝ መስሎኝ አልጠየቅኋቸውም።

ተጠባባቂ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ለምርቃቱ ስንጣደፍ የመናኸሪያው አስተዳደር ኮሚቴ ጠራኝ። ትኬት ሳይቆርጥ በጀርባ በር የሚገባ ይበዛል፣ ዕቃ ይሰረቃል፣ ተቆጣጣሪው ስንቱን በር ይጠብቃል አሉ። ትክክል ነበሩ። እኔም ንድፉን ሳየው ያቺ በር አለቦታዋ የገባች መሰለችኝ። ሰው በዋናው በር ይገባል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ ያርፋል፣ ይሳፈራል፣ ይሄዳል። አንድ አቅጣጫ። የሚመለስ፣ የሚተላለፍ፣ የሚጋፋ የለም። ጥሩ ስንኝ እንደዚህ ነው የሚፈስ ብዬ አሰብኩ። ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው፤ የራሴ የምለው ሥራ አምሮኛል። ትደፈን አልኩ።

የደፈናት ሰይድ ነው። ድንጋዩን እያስተካከለ ቀና ብሎ አየኝ።

«ሸኚው በየት ሊወጣ ነው?»

«በገባበት።»

«አውቶቡሱ ሲነሣ ዋናው በር ተዘግቶ አይደል ተሳፋሪው የሚቆጠረው?»

«ቀደም ብሎ ይውረዳ!»

«ኧረ በአላህ! ወሎ ቀደም ብሎ ሲወርድ መቼ አየህ?» አለና ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ያ ጀመዓ፣ ኢንጅነሩ ሸኚውንም አብሮ ሊልከው ነው!»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ሰይድ ግንቡ ቀጥ ማለቱን ቱምቢውን ጣል አድርጎ አየ፣ ድንጋዩን ገጠመ፣ ሲጨርስ ግንቡ ላይ በር እንደነበረ የሚያስታውቅ ነገር አልተረፈም። «መቶ በመቶ» በምርቃቱ ቀን እጄን ጨብጠው «ሥርዓት ያለው ሥራ» አሉኝ። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ጫማዬ መሬት አይነካም ነበር።

ለጥቂት ጊዜ ሥርዓቱ ሠራ። ሸኚው ዋናው በር ላይ ይጋፋል፣ ይሳደባል፣ በመጨረሻ ይወጣል። ቀጥሎ ድርቁ መጣ።

ስለ ድርቁ ሌሎች ጽፈዋል፤ እኔ ያየሁት ከግቢዬ ነው። ሰፈራው ሲጀመር ሰው ወደ ምዕራብ የሚጫንበት ቦታ ተፈለገ። አጥር ያለው፣ መግቢያው አንድ የሆነ፣ ብዙ አውቶቡስ የሚይዝ ግቢ በአካባቢው እኛ ጋ ብቻ ነበር። መናኸሪያውን ወሰዱት። እኔ ያን ጊዜ የጥገና ክፍሉን ጣሪያ ለማስመታት እዚያው ነበርኩ። ከጣሪያው ላይ ሆኜ ሰዎቹ ሲገቡ አያለሁ። ማረፊያው ውስጥ በአግዳሚ ወንበሮቹ መሃል መሬት ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ወንበሮቹ ጋሽ መርዕድ እጄ የዛለበት ቦታ ላይ ያስተከሉዋቸው ናቸው፤ ያን ሰሞን እጅ የሚያዝል ዕቃ የያዘ ሰው ጥቂት ነበር። አንዳንዱ ተመዝግቦ፣ ወዶ የመጣ ነው። አንዳንዱ እንዴት እንደመጣ አላውቅም።

አንድ ጠዋት ሰይድን ውስጥ አየሁት። ጥቅል ተሸክሟል፤ ከፊቱ አንዲት ሴት ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች። ከጣሪያው ሆኜ ጠራሁት።

«ሰይድ! አንተም ልትሄድ ነው?»

«ኧረ እኔስ አልሄድም! እቴን ፋጡማን ልሸኛት ነው። ባሏ ሞቶባታል፤ ተመዘገበች። አስቀምጫት መጣሁ፤ ሻይ ታስጠጣኛለህ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ገባ። እኔ ወደ ቆርቆሮዬ ተመለስኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጩኸት ሰምቼ ቀና ስል ዋናው በር ተዘግቷል፣ ሚሊሻዎቹ በአውቶቡሶቹ መሃል ቆመዋል። ሰይድ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ሆኖ ከአንዱ ሚሊሻ ጋር ይነጋገራል። ሚሊሻው በጠመንጃው አፈሙዝ ወደ ውስጥ ያመለክተዋል።

ወርጄ ሮጥኩ። የጭነቱ ኃላፊ ካድሬ ጥላ ሥር ቆሞ ነበር፤ በዕድሜ የኔ እኩያ ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«ጓድ፣ ያ ሰውዬ ሸኚ ነው። የኔ ሠራተኛ ነው፤ ግንበኛ ነው።»

«መታወቂያ አለው?»

«ይዞ አልመጣ ይሆናል። እኅቱን ሊሸኝ ነው የገባ።»

«ወንድሜ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ያለው ሁሉ ሸኚ ነኝ ነው የሚለኝ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አንዱን ባወጣ ሌላው ይወጣል። ደግሞ ሌሊቱን የጠፉ አሉ፤ ቁጥሩ መሙላት አለበት።»

«እኔ እመሰክራለሁ እኮ። ስሙ ሰይድ ነው፤ ይኸን አጥር የገነባው እሱ ነው!»

ካድሬው ወደ አጥሩ ተመለከተ፤ ወደኔ ተመለሰ።

«አንተስ ማነህ?»

«የግንባታው ኃላፊ።»

«እንግዲያው ታውቀዋለህ። በሩ አንድ ነው። በእሱ የገባ ተሳፋሪ ነው። እኔ በምን ልለየው?»

ሞተሮቹ ተነሡ። ሸኚ ወትሮ ተጋፍቶ የሚወርድበት ሰዓት ይኸ ነበር። ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ። ሰይድ መስኮቱ ጋ፣ ከፋጡማ አጠገብ ተቀምጧል። ፋጡማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። እሱ እኔን አላየም ነበር፤ በኔ አናት ላይ አሳልፎ ግንቡን ያያል፤ በሯ የነበረችበትን ቦታ። ድንጋዮቹን አንድ ባንድ የሚያውቃቸው እሱ ነው።

«ሰይድ፣ አስወጣሃለሁ። ደብዳቤ አጽፌ አስመልስሃለሁ» አልኩት።

«ለዘይነባ ንገራት» አለኝ። «ማሳውን ሰው እንዳያስነካው በላት። እኔ እመለሳለሁ። ማሳውን ብቻ።»

አውቶቡሱ በኖራ ባሠመርነው መዞሪያ ሳይቸገር ዞሮ ወጣ።

በማግስቱ ኩታበር ሄድኩ። ዘይነባ ደጃፏ ላይ ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ «አንተ ምኑ ነህ?» አለችኝ።

«አለቃው ነኝ።»

«አለቃው ኸሆንህ ምነው አላወጣኸው?»

የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ለመንሁ። ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ስለ ማሳው ሲነሣ ግን «የሄደ ሄዷል፤ መሬት ባዶውን አይቀመጥም» አሉኝ። ዝናቡ ሲመለስ ማሳው ለሌላ ተሰጠ። ዘይነባ አባቷ ቤት ገባች። እኔ ማመልከቻ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። የሰፈራው ሰዎች የትኛው ጣቢያ እንደሄደ አያውቁም፤ የኛዎቹ ጉዳዩ አይመለከታቸውም። በሯ እንድትከፈት ጠየቅሁ፤ የተመረቀ ግንባታ አይፈርስም ተባልኩ። ግጥም ልጽፍበት ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። ቃሉ ይገጥማል፣ ቤቱ ይመታል፣ ሳነበው ያስጠላኛል። እንዲህ በዝርው የምጽፈው ለዚያ ነው።

ጋሽ መርዕድን አንድ ጊዜ አገኘኋቸው። ለጉዳይ ደሴ መጥተው ፒያሳ ላይ ተገጣጠምን። ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ና እስቲ እንዙር» አሉ። ፒያሳን ዞርን። ቅርንፉዳቸውን ማኘክ ትተው ነበር።

«በሩን ለምን እንዳስገባሁት አልነገርኩህም» አሉኝ በመጨረሻ።

«እርስዎማ ታይቶዎት ነበር።»

«ምኑ ይታየኛል? ከየት አውቄ?» ቆሙ። «ሻንጣዬን ይዤ ስዞር ሁለት ሦስት ጊዜ ልመለስ ፈልጌ አጥሩ ዙሪያ ጥምጥም አስኬደኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ብነግርህ ኖሮ ግን ትከራከርልኝ ነበር። ዝም ማለት ሥራ የሚያስተምር ይመስለኝ ነበር፤ እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩ።»

ሊያጽናኑኝ ነበር፤ አልተጽናናሁም። ሲለዩኝ ሻንጣ አለመያዛቸውን አስተዋልኩ።

ሰይድ የተመለሰው ሁለተኛው ክረምት ሊያልቅ ሲል ነው። ደሴ ቢሮአችን ደጃፍ ላይ አንድ ቀጭን ሰው በትር ተደግፎ ቆሞ አየሁ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል።

«ኢንጅነሩ» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። አቀፍኩት፤ ወባው ሥጋ አላስቀረለትም።

«ፋጡማስ?»

«አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ልጆቹም አሉ። ሳልሰናበታት ነው ኸሰፈራው ጠፍቼ የወጣሁ» አለ። «ብነግራት ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ኻለቀሱ ዘበኛው ይነቃል። አጠገቤ ተኝታ ሳለ ተነሥቼ ሄድሁ።»

ስለ ማሳው አልጠየቀኝም፤ ሰምቷል። ዘይነባን ካባቷ ቤት አመጣትና ሆጤ ላይ አንድ ክፍል ተከራዩ። መንገድ ዳር ድንጋይ ይጠርባል። የእርሻው ዝናብ ሲመጣ ቀና ብሎ ያየዋል እንጂ የሚሄድበት የለውም።

በዚያው ሰሞን መናኸሪያው አዲስ አስተዳዳሪ አግኝቶ ነበር። ሰውዬው በጽዳት ጉዳይ ይቸገሩ ነበር፤ ከማረፊያው የሚወጣው ጥራጊ በተሳፋሪው መሃል በዋናው በር ነው የሚያልፈው። ይህን ስሰማ ማመልከቻዬን እንደገና ጻፍኩ፤ ስለ ሸኚ አንድ ቃል ሳላነሣ «የቆሻሻ ማውጫ በር ስለማስከፈት» ብዬ። ወዲያው ተፈቀደ። ለሰው ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ ሁሉ ያልተገኘው ፊርማ ለቆሻሻ ተገኘ። ሥራ ልልቀቅ የሚለው ሐሳብ የመጣብኝ ያን ወረቀት ይዤ ደረጃውን ስወርድ ነው፤ ግን በሯን ሳልከፍት መሄድ አልሆነልኝም።

ግንበኛ መፈለግ ነበረብኝ። ለሰይድ ልንገረው አልንገረው ስል እሱ ራሱ ሰማ።

«ማን ሊከፍታት ነው?» አለኝ።

«ሰው እየፈለግሁ ነው። አንተን ላስቸግርህ አልፈለግሁም።»

«ሌላ ሰው ቢነካው ግንቡን ያናጋዋል። እኔ እሄዳለሁ።»

በላንድሮቨሩ ወረድን። መናኸሪያው በር ላይ ስንደርስ ቆመ። ዋናውን በር የያዘው ዘበኛ «ግባ እንጂ!» አለው። እኔ ቀድሜ ገባሁ፤ ተከተለኝ። ግንቡ ሥር ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ መሮውን ደቀነና መታ። ድንጋዩ አልበገር አለ። ደጋግሞ መታ፤ ፍንጣሪው ብቻ ይዘላል።

«ጨክኜ ነው የገነባሁት፣ ወላሂ» አለ ላቡን እየጠረገ።

ጎን ለጎን ሆነን ሠራን። መንዙማ አላንጎራጎረም። የመጀመሪያው ድንጋይ ሲወጣ በቀዳዳው የሰፈሩ መንገድና አንዲት በግ ታየች። ሰይድ ዝቅ ብሎ ረጅም ጊዜ አየ። ቀስ በቀስ አሰፋነው፤ ጠርዙን አስተካከለ፣ ከላይ ደጋፊውን ገጠመ። በቀኑ ማብቂያ አስተዳዳሪው ያስጻፏትን ሰሌዳ አምጥተው በላይዋ ሰቀሉባት፤ «የቆሻሻ ማውጫ» ትላለች። የወረታ አውቶቡስ ሊነሣ ሞተሩን አስነሥቶ ነበርና ሸኚዎቹ ተንጋግተው ሲወርዱ አዲሷን በር አዩ። ሰሌዳውን ያነበበ አልነበረም። አንዲት እናት ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች፤ ሌሎቹ ተከተሏት።

ሰይድ ሁሉም እስኪወጡ ጠበቀ። መሮና መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ላንድሮቨሩ ዋናው በር ጋ ነበር።

«በል እንሂድ፣ አደርስሃለሁ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ወደ በሯ ሄደ፤ ደፏ ላይ ሲደርስ ዞር አለና አውቶቡሶቹ የሚቆሙበትን ግቢ ተመለከተ፤ ያን ጊዜ ፋጡማ አጠገብ የተቀመጠበት አውቶቡስ የቆመበትን ቦታ። እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ። እዚያ ማንም አልነበረም።

«አሁን ሸኘኋት» አለ።

ወጣ። ወደ ደሴ በሚወስደው ዳገት በእግሩ ሲሄድ፣ መንገዱ እስኪሰውረው ድረስ ከበሯ ላይ ሆኜ አየሁት።